ድራፍቱ እንደ ክር ቀጠነ፤ ጋዙ ሞልቶ ቢራው ለምን አይወርድም?

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ (ደሴ) | ሐሙስ፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤቴ ያለው የድራፍት ማሽን አስቸግሮኛል። ወንድሜ ከውጭ ሲመለስ ያመጣልኝ ነው፤ አነስ ያለ ማቀዝቀዣ ሆኖ በላዩ ላይ መቅጃ ተተክሎበታል፣ በውስጡ 19 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት በርሜልና ባለ 5 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር አለ። ቢራውን የምጠምቀው ራሴ ነኝ። ገብሱን ከላይኛው አገር አስመጥቼ አበቅለዋለሁ፣ ምሬቱን ደግሞ ከጌሾ አገኛለሁ። ስምንት ወር ያለ ምንም ችግር ቀድቻለሁ።

ከአሥር ቀን ወዲህ ግን መቅጃውን ስከፍተው የሚወርደው እንደ ፈትል የቀጠነ ነው። የግማሽ ሊትር ብርጭቆ ለመሙላት 50 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ያውም ግማሹ አረፋ ነው። የሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው) ትንሹ ጌጅ፣ ወደ በርሜሉ የሚገባውን የሚለካው፣ 0.8 ባር ያሳያል፣ ይህም መመሪያው ላይ የተጻፈው ልክ ነው። የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው ትልቁ ጌጅ ወደ 40 ባር ያነባል። ስለዚህ ጋዙ አላለቀም ብዬ አስባለሁ።

እሁድ የልጄ ክርስትና ነው። አርባ ቀን ደግሞ ቀጠሮ አይራዘምበትም። እባካችሁ ድረሱልኝ።

ፈጥኖ_ደራሽ | 2፡31

ይህ ምን ያስጨንቃል? ግፊቱን ጨምረው። 2 ባር አድርገውና ሲንፎለፎል ታያለህ።

ሐረጎ_ቁልቁለት (ኮምቦልቻ) | 2፡48

የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ሆነህ ቧንቧህ ደረቀ? ይህን ለጎረቤት እንዳታወራ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ግሮሰሪ አለኝ፤ ድራፍት ስቀዳ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የፈጥኖ ደራሽን ምክር አትስማ፣ እሱም አይቀየመኝ። ቢራ ቀስ ብሎ ሲወርድ ግፊት መጨመር ማለት ጉሮሮው ላይ አጥንት ለተሰነቀረበት ሰው ሌላ ጉርሻ እንደ ማጉረስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኔም አድርጌዋለሁ። የገና ዋዜማ ነበር፤ ቢራው ቀጠነብኝ፣ ሬጉሌተሩን አዞርኩት፣ ለጊዜው ትንሽ የተሻለ መሰለኝና ረስቼው ተኛሁ። ሌሊቱን ጋዙ ቢራው ውስጥ ሲገባ አደረ። በበዓሉ ቀን ከመቅጃው የወጣው አረፋ ብቻ ነበር፤ ለደንበኞቼ በባልዲ ሙሉ አረፋ አሳየሁ እንጂ ቢራ አልሸጥኩም። ከመጠን በላይ የገባ ጋዝ በአንድ ጀንበር ተመልሶ አይወጣም፣ በየሰዓቱ እያስተነፈስክ ቀናት ይፈጅብሃል። አንተ ደግሞ ያለህ ሦስት ቀን ነው።

በጤነኛ መስመር ግማሽ ሊትር ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ ይሞላል። 50 ሰከንድ ካለህ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር መንገድ ዘግቷል። ጥያቄው በጋዙ በኩል ነው ወይስ በቢራው በኩል የሚለው ነው። እሱ ሳይለይ ምንም ነገር አትንካ። ለመሆኑ በርሜሉ ከመቅጃው በታች ስንት ሜትር ይርቃል? እኔ በርሜሎቹን ምድር ቤት አስቀምጬ ሳለሁ ወደ ላይ የሚወጣው እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ይበላብኝ ነበር። ሦስት ሜትር ሽቅብ ሲሆን 0.3 ባር ያለ ሥራ ሄደ ማለት ነው።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | 2፡55

ከበርሜሉ ራስ እስከ መቅጃው ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ቱቦው ግን የተጠቀለለ 3 ሜትር ነው፤ የውስጡ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስምንት ወር በዚሁ ቱቦ ነው የቀዳሁት።

ቀዝቃዛ_እጅ (ደሴ፣ ሸዋ በር) | 3፡12

አብሽር ወንድሜ፣ ይገኛል።

እኔ ቢራ አልቀምስም፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። ማቀዝቀዣና ጋዝ ግን የዕለት እንጀራዬ ናቸው፤ የድራፍት ማሽንም ብዙ ጠግኛለሁ። ስለ ቢራው ጣዕም አትጠይቀኝ፣ ስለ መንገዱ ጠይቀኝ።

መጀመሪያ ስለ ትልቁ ጌጅ። 40 ባር ስላሳየ ጋዝ አለኝ ብለህ አትመን። ሲሊንደሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያለው በፈሳሽ መልክ ነው። የመጨረሻዋ ጠብታ ፈሳሽ እስክታልቅ ድረስ ጌጁ የሚያነብበው ያንኑ ቁጥር ነው፤ የሚለዋወጠው በሙቀት ብቻ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ 40 ባር አካባቢ ነው፣ ውጭ በ20 ዲግሪ ብታቆመው 57 ባር ይሆናል። ሞልቶም ቢሆን፣ ሩብ ቀርቶትም ቢሆን ያው ነው። ፈሳሹ ሲያልቅ ግን በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ በጌጅ አይለካም፣ በሚዛን ነው የሚለካው። አንገቱ ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል፤ መዝነውና ቀንሰው።

ነገ ጠዋት ሦስት ነገር አድርግልኝ። ሲሊንደሩን መዝን። የበርሜሉ ክዳን ላይ ያለችውን የግፊት ማስተንፈሻ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ሳብ አድርገህ ልቀቃት፤ በኃይል ከጮኸችና ሬጉሌተሩ ወዲያው ሲሞላው ከሰማህ ጋዙ ያለ ችግር በርሜሉ ውስጥ እየደረሰ ነው። ሌላው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ማቀዝቀዣው ውስጥ አሳድርና ጠዋት ቴርሞሜትር አስገባበት። ሰሞኑን መብራት እየጠፋ ሲመለስ ማቀዝቀዣው እልህ ውስጥ ገብቶ ከልክ በላይ ያቀዘቅዛል፤ ቱቦው የኋላ ግድግዳውን ከነካ ቢራው እዚያው ይጋገራል። ቢራ ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድ በረዶ መሥራት ይጀምራል። የበረዶ ገለባ ቱቦ ውስጥ ሲያዝ አንተ የነገርከንን ያህል ያቀጥነዋል።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ሲሊንደሩን አስተኝተህ እንዳትጠቀምበት፣ ፈሳሹ ሬጉሌተሩ ውስጥ ይገባል። ክፍሉም አየር ይኑረው። ይህ ጋዝ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሕፃን የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ማሽኑን ዛሬውኑ አውጣው።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | 3፡20

ሳሎን ነው ያለው፣ መስኮቱም ትልቅ ነው። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ነገ እመለሳለሁ።

ዝም_ባይ_አንባቢ | 3፡41

ሁልጊዜ የማነብብ እንጂ የማልጽፍ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን አስፈለገ? ደሴ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ መመሪያው ደግሞ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። 0.8 ባር እዚያ በቂ ቢሆንም ለጦሳ ተራራ ግርጌ አይበቃም። ምክንያቱ ይኸው ነው።

መምህር_ከወልድያ | ዓርብ፣ ጠዋት 1፡05

ፊዚክስ አስተምራለሁ። የዝም ባይ አንባቢን አስተያየት ለተማሪዎቼ ባቀርበው ክፍሉ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ምክንያቱም ግማሹ ትክክል ነው።

በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች 0.75 ባር ገደማ ይቀራታል። ኮምቦልቻ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም በከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ስለምትወርድ 0.81 ገደማ ታገኛለች። የሬጉሌተር ጌጅ ደግሞ የሚያነብበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብልጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጁ 0.8 ሲል በባሕር ዳርቻ ቢራው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ግፊት 1.81 ባር ነው፣ ደሴ ላይ ግን 1.55 ብቻ ነው። ቢራ ውስጥ የሚሟሟውን ጋዝ የሚወስነው ይህ ጠቅላላ ግፊት ነው። በ4 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ቢራ 2.5 ሊትር ያህል ጋዝ መያዝ ሲገባው፣ ደሴ ላይ ወደ 2.1 ይወርዳል። እዚህ ድረስ አስተያየት ሰጪው ልክ ነው፦ ጠያቂያችን ስምንት ወር ሙሉ ትንሽ የሞተ ቢራ ሲጠጣ ኖሯል፤ ያላወቀውም ሌላ ስላልቀመሰ ይመስለኛል።

ፍሰቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቢራውን የሚገፋው በበርሜሉ ውስጥ ባለው ግፊትና በብርጭቆው ዙሪያ ባለው አየር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያ ልዩነት ደግሞ ጌጁ የሚያነብበው ራሱ 0.8 ነው፤ በጅቡቲም በደሴም ያው ነው። ከፍታ ቢራን ያሞታል እንጂ አያቀጥንም። በዚያ ላይ ደሴ ባለፉት አሥር ቀናት ወደ ላይ አልወጣችም።

መንገድ መጥበብ ግን ሌላ ነው። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት በአንድ አምስተኛ ቢጠብ ፍሰቱ በአንድ አምስተኛ ብቻ አይቀንስም፣ ወደ ግማሽ ገደማ ነው የሚወርደው። ከ9 ሰከንድ ወደ 50 ለመድረስ ትልቅ ድንጋይ አያስፈልግም፤ በጠባቡ ቦታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ነገር ትበቃለች።

ዝም_ባይ_አንባቢ | 1፡30

ግማሹን ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከዚህ በልጬ አላውቅም።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | ዓርብ፣ ጠዋት 3፡15

ሰላም አደራችሁ? ሲሊንደሩን ተሸክሜ ሰፈራችን ያለ ጤፍ ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሰውየው ምን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ ከሱቁ ወጥቶ ቆመ። ባዶ ክብደቱ 8.2 ተብሎ ተቀርጿል፣ ሲመዘን 10.6 ሆነ። 2.4 ኪሎ ጋዝ አለኝ ማለት ነው። ማስተንፈሻዋ በኃይል ጮኸች፣ ሬጉሌተሩም ወዲያው ሞላው። የውሃው ሙቀት 5 ዲግሪ ነው፤ ቱቦውም የትም አልጋገረም፣ በእጄ ሳጥፈው ይተጣጠፋል። የታጠፈ ወይም የተጨመቀ ቦታም የለውም።

መምህር፣ የሞተ ቢራ ስላሉኝ ቅር አላለኝም፤ ባለቤቴም ይህንኑ ስትለኝ ኖራለች።

ቀዝቃዛ_እጅ | 3፡40

ሸጋ ነው። ጋዙ ነጻ ወጣ። በረዶም አይደለም። ከዚህ በኋላ በርሜሉ ውስጥ ካለው መምጠጫ ቱቦ ጀምሮ እስከ መቅጃው አፍ ድረስ ያለው መንገድ ብቻ ነው የሚፈተሸው።

አሁን የእጅ ባትሪ አብራና ማቀዝቀዣውን ክፈት። ሌላ ሰው መቅጃውን ይክፈትልህ፣ አንተ ቱቦውን ተመልከት። የአረፋ ኳሶቹ የሚጀምሩት ከየት ነው? ከመቅጃው አጠገብ? ከቱቦው መሐል? ወይስ ገና ከበርሜሉ ሲወጣ?

ሐረጎ_ቁልቁለት | 3፡52

ይህ ሰው የገባው ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ ቱቦውን ከመቅጃው ኋላ ፈትቶ ባልዲ ውስጥ መልቀቅ ነው። ባልዲው ውስጥ በኃይል ከወረደ ጥፋቱ የመቅጃው ነው፣ እዚያም ቀጭን ከሆነ መቅጃው ከደሙ ንጹህ ነው። እኔ ዘንድ ሁለት ጊዜ መቅጃው ነበር፤ ያረጀ ጎሚኒ ተቆርጦ አፉ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 1፡10

ከሥራ ስመለስ ሁለቱንም ሞከርኩ። ባልዲው ውስጥም ያው ቀጭን ነው። አረፋው የሚጀምረው ከበርሜሉ ላይ ከተሰካው ማያያዣ ነው። ልክ ከዚያ ሲወጣ ነጭ ነው፣ ከዚያም እስከ መቅጃው ድረስ ኳስ በኳስ ሆኖ ይሄዳል።

ቀዝቃዛ_እጅ | 1፡22

አገኘነው ማለት ይቻላል። ቢራ በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቆ ሲያልፍ ከቀዳዳው ማዶ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል፤ ሟሙቶ የነበረው ጋዝ እዚያው ይፈነዳል። አረፋው የሚጀምርበት ቦታ የጠባቡን ቦታ አድራሻ ይነግርሃል፤ ጥበቱ ሁልጊዜ ከአረፋው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ አንተ ዘንድ ያለው በበርሜሉ መሰኪያ ውስጥ ያለችው ባለ ሞላ መክደኛ ናት፣ ወይም ከሥሯ ያለው መምጠጫ ቱቦ ነው። ማያያዣውም ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ነቅለህ ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከተው።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እውነቱን ንገረኝ። የዛሬ አሥር ቀን ምን አደረግህ? ማሽን በራሱ ፀባዩን አይለውጥም።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | 1፡45

መናገሩን አስቤበት ነበር፣ አፈርኩ እንጂ።

አክስቴ ኮምቦልቻ ዝክር ነበራት። በርሜሉን በመኪና ጭኜ ሐረጎን ወረድኩ፣ ማታ ግማሹን ይዤ ተመለስኩ። እዚያ ሳለን አንድ ዘመዴ ቢራው ምሬት ያንሰዋል አለኝ። ስመለስ ክዳኑን ከፈትኩና ሁለት እፍኝ የተወቀጠ ጌሾ ጨመርኩበት። በጨርቅ አልቋጠርኩትም። እንዲሁ በተንኩት።

የጌሾ_እናት (ሐይቅ) | 2፡00

ልጄ! ምን ነካህ?

ጠላ ስጠምቅ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ጌሾ ያለ ማጥለያ ሰው ፊት ቀርቦ አላየሁም። ጌሾ ከድፍድፉ ጋር ሆኖ ይብላላል፣ ሥራውን ሲጨርስ ይጠለላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጠጫው የሚሄደው። አንተ ግን የጠለለውን መልሰህ አጎሸኸው! ያውም ሐረጎን ያህል ቁልቁለት ወስደህ አናውጠኸው። ጋን እንኳን ከተቀመጠበት ሲነቃነቅ አተላው ይነሣል፤ ለዚህ ነው ሴቶቻችን ከሥሩ የማይቀዱት። ያንተ ማሽን ደግሞ ከሥር ነው የሚቀዳው አሉ። እንግዲህ አተላውን እየጠጣህ ነው።

ግን አትጨነቅ። እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ ልጁን ያሳድግልህ።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | 2፡06

አሜን እትዬ። የተናገሩት ሁሉ ይገባኛል። እናቴም ይህን ብትሰማ ከእርስዎ አታንስም ነበር።

ሐረጎ_ቁልቁለት | 2፡10

በእኔ ስም ቁልቁለት ላይ ወንጀል ተፈጽሞ ሳልሰማ ቀረሁ!

ቀዝቃዛ_እጅ | 2፡30

በቃ ተገኘ። ሁለት መንገድ አለህ፤ ቀላሉን ሞክርና ካልሆነ ወደ ከባዱ ሂድ።

ቀላሉ መልሶ መንፋት ነው። የጋዙን መስመር ዝጋ፣ በማስተንፈሻዋ ግፊቱን አውጣ። ከዚያ በጋዝ ቱቦው ጫፍ ላይ የቢራውን ማያያዣ ግጠምና ቢራው በሚወጣበት መሰኪያ ላይ ሰካው። የጋዙን ማያያዣ በቢራው መሰኪያ ላይ በጉልበት እንዳትጭነው፤ ይመሳሰላሉ እንጂ ልካቸው አንድ አይደለም፣ ተጣብቆ እምቢ ሲልህ እሁድ ጠዋት ከበርሜሉ ጋር ትታገላለህ። ማስተንፈሻዋን ከፍተህ ጋዙን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ልቀቀው። ቱቦው ውስጥ የተሰነቀረው ወደ በርሜሉ ይመለሳል፣ የጉርጉርታ ድምፅም ትሰማለህ።

ከባዱ መሰኪያውን መፍታት ነው። እዚህ ላይ በትልቁ ስማኝ፦ በርሜሉ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ ግፊት እንኳን ካለ መፍቻ እንዳታነሣ። ብረቱ ፊትህ ላይ ይወጣል። ማስተንፈሻዋን ሳብ፣ ጸጥ እስክትል ጠብቅ፣ ደግመህ ሳብ። ከዚያ መሰኪያውን ፍታ፣ መክደኛዋን ከነሞላዋ አውጣ፣ ከሥሯ ያለውን ረጅም ቱቦ ምዘዝ። ሁሉንም በፈላ ውሃ እጠብ። እጅህንም እንደዚያው፤ ቢራው ገና ውስጡ ነውና ቆሻሻ አትመርቅለት። ስትገጥም ጎሚኒዎቹን ተመልከት፣ ግፊቱን መልስ፣ የገባውን አየር ለማስወጣት ሦስት አራት ጊዜ አስተንፍስ። በመጨረሻ በሳሙና አረፋ ዙሪያውን ቀባና ኳስ የሚነፋ ቦታ ካለ እይ።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 4፡35

መልሼ ነፋሁት። ጉርጉርታውን ልጁም ሰምቶ ነቃ። ከዚያ መጀመሪያው ብርጭቆ በ12 ሰከንድ ሞላ! ሁለተኛው 20 ወሰደ። ሦስተኛው ላይ እንደገና ክር ሆነ።

መምህር_ከወልድያ | 4፡50

ይህ ራሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። መንገዱ ሲጸዳ ፈጠነ፣ የተንሳፈፈው ጌሾ ተመልሶ ሲመጣ ቀጠነ። ምርመራው አብቅቷል፤ ተኛና ጠዋት ፍታው። በሌሊት መፍቻ ይዞ ከግፊት ጋር መታገል አይመከርም።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | ቅዳሜ፣ ቀን 5፡20

ፈታሁት። ግፊቱን ሦስት ጊዜ አስተነፈስኩ፣ በአራተኛው ምንም ድምፅ አልነበረም። መክደኛዋን ሳወጣት ሞላዋ የጌሾ ቅጠል ለብሳ አረንጓዴ ጎጆ መስላለች። ከሥሯ ደግሞ ጥፍር የምታህል የጌሾ እንጨት ስፋቱን አቋርጣ ተጋድማ ነበር። ዙሪያዋን የገብስ ገለባ ከቧታል። መምህር ትንሽ ነገር ትበቃለች ያሉት እውነት ነው።

የመምጠጫውን ቱቦ ጫፍ ሳየው የበርሜሉን ወለል ሊነካ ምንም አልቀረውም። አተላው ውስጥ ነበር ተተክሎ የሚመጠው። ልቁረጠው ወይ?

ቀዝቃዛ_እጅ | 5፡31

1.5 ሴንቲ ሜትር ቁረጥለት፣ ጫፉንም በሞረድ አለስልሰው። እኔ ባሰላሁት ከሥር የሚቀርብህ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ እሱም አተላ ነው፣ አይቆጭህም። ግን ዛሬ አትቸኩል፤ ሞረድ ከሌለህ የሻከረው ጫፍ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ለዛሬ ሌላ መላ አለ፦ በጠባብ ወንፊት ወይም በተቀቀለ ንጹህ ነጭ ጨርቅ የቱቦውን ጫፍ ሸፍነህ በማይዝግ ሽቦ እሰረው። ጨርቁ ሰፊ ይሁን። ከጠበበ ራሱ ይዘጋብሃል።

የጌሾ_እናት | 5፡40

የነጠላ ቁራጭ ይሆናል። አዲስ እንዳይሆን፤ አዲስ ጥጥ ብናኝ ይለቃል። ደጋግሞ የታጠበ ይሻላል። በርሜሉንም እስከ ነገ ከቦታው አታንቀሳቅሰው። እንግዳው ሁሉ ተንቀሳቅሶ ይምጣ እንጂ እሱ ከቦታው ንቅንቅ አይበል።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 12፡50

9 ሰከንድ!

የባለቤቴን አሮጌ ነጠላ ጫፍ ቆረጥኩ (በፈቃዷ ነው)፣ ቀቀልኩት፣ አሰርኩት፣ ገጠምኩት። ሦስት ብርጭቆ ተከታትዬ ቀዳሁ፣ ሦስቱም 9 ሰከንድ። የመጀመሪያው ብቻ አረፋ በዝቶበታል።

ሐረጎ_ቁልቁለት | 1፡05

የመጀመሪያው ሁልጊዜ እንዲያ ነው፤ መቅጃው ውጭ ስለሚውል ይሞቃል፣ ቢራው ሲነካው ይደነግጣል።

ከክርስትናው በኋላ ግን ቱቦውን ሳታጥብ እንዳታልፍ። ስምንት ወር ስትል ልቤ ደንግጧል። እኛ በየሁለት ሳምንቱ ነው። ከ2 እስከ 3 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ውህድ በሞቀ ውሃ አዘጋጅተህ ለሩብ ሰዓት ቱቦው ውስጥ ታዞረዋለህ፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ሙልጭ አድርገህ ታጥበዋለህ። ሶዳውን ወደ ውሃ ጨምር እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳ አትጨምር፣ ጓንትና መነጽርም አድርግ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ በአሲድ ማጠቢያ ይታጠባል፤ ከካልሲየም የሚሠራ የቢራ ድንጋይ የሚባል ሽፋን አለ፣ በሶዳ አይለቅም። ሁለቱን በአንድ ላይ እንዳትቀላቅል። በረኪና ደግሞ በርሜሉ አጠገብ አይድረስ፤ የማይዝግ ብረትንም ይበሳል።

መምህር_ከወልድያ | 1፡20

የሞተው ቢራ ጉዳይ ደግሞ ይቆየን። ክርስትናው ሲያልፍ ግፊቱን ቀስ ብለህ ወደ 1.05 ባር አድርሰው፤ ያኔ በባሕር ዳርቻ የሚገኘውን ያህል ጋዝ ይይዝልሃል። ነገር ግን ያንጊዜ ፍሰቱ ይፈጥናል፣ አረፋም ይበዛል። ስለዚህ ቱቦውን አንድ ሜትር ያህል ማስረዘም ይኖርብሃል። እስከዚያው ያለህን ጠጣ።

ፈጥኖ_ደራሽ | 1፡26

ስለዚህ ግፊት መጨመር ያስፈልገዋል ብዬ ነበር እኮ።

ሐረጎ_ቁልቁለት | 1፡27

አንተ ተኛ።

የቧንቧ_ውሃው_ልጅ | እሁድ፣ ማታ 3፡30

ልጁ በሰላም ተጠመቀ። ቢራው ስምንት ሰዓት ላይ ገባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። የመጨረሻዋ ብርጭቆ እንኳን ጠለል ያለች ነበረች። ያ ምሬት ያንሰዋል ያለኝ ዘመዴ ዛሬ በዛ አለኝ።

ቀዝቃዛ እጅ ሰፈሩ ቅርብ ሆኖ ስለተገኘ ጠርቼው ከነቤተሰቡ መጣ፤ ለሙስሊም ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን የታረደው ለብቻው ስለነበር አብረን በላን። ማሽኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ምንም አላለም። ለእሱ ብርዝ ነበር የተዘጋጀው። ስንሰነባበት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ብርዙንስ ለምን በድራፍት አልቀዳውም? ቀዝቀዝ ብሎ፣ ጋዝ ገብቶበት፣ በ9 ሰከንድ።

የጌሾ_እናት | 3፡41

ማሩን ሰፈፉን ሳታወጣ ሞክረውና እንደገና ሐሙስ ማታ እዚህ ትመጣለህ።

ቀዝቃዛ_እጅ | 3፡55

ወንድሜ፣ ላቀረብከው ሁሉ አላህ ይስጥልኝ፣ ልጁንም ያሳድግልህ። ብርዙን ግን በጆግ አምጣልኝ። ያ ቱቦ ስምንት ወር ሙሉ ምን ሲያሳልፍ እንደኖረ እኔ ነኝ የማውቀው።